ሠራዊቱን የሚቀልበው ኩባንያ

በ1966 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከኢሊኖይ ግዛት የተመረጡ አንድ ወጣት ሪፐብሊካን እንደራሴ በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን መንግሥት ላይ ጠንከር ያለ ጥያቄ አነሡ። በዚያ ጊዜ በደቡብ ቬትናም ወደቡን፣ የአውሮፕላን ማረፊያውንና የጦር ሰፈሩን የሚገነባው የአራት የግል ኩባንያዎች ጥምረት ነበር። ከአራቱ አንዱ፣ ብራውን ኤንድ ሩት የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ፣ ከጆንሰን ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበረው፤ ሰውየው ገና ለኮንግረስ ሲወዳደሩ ጀምሮ ለምርጫቸው ገንዘብ ያዋጣላቸው ነበር። ወጣቱ እንደራሴ ውሉ ይመርመር፣ ሒሳቡ ይታይ አሉ። እኚህ ሰው ዶናልድ ረምስፌልድ ነበሩ። ከ37 ዓመት በኋላ መከላከያ ሚኒስትር ሆነው ኢራቅን ሲወሩ፣ የሠራዊታቸውን ምግብ የሚያበስለው፣ ልብሱን የሚያጥበውና ነዳጁን የሚያጓጉዘው ያው ኩባንያ ነበር።

በቬትናም ጊዜ ኩባንያዎቹ በዋናነት ግንባታ ላይ ነበሩ። ድንች የሚልጠው፣ የጭነት መኪና የሚነዳውና በር ላይ የሚቆመው በአብዛኛው በግዳጅ የተመለመለ ወታደር ነው። ወታደር ርካሽ ነበር። በ1973 የግዳጅ ምልመላ ሲቀር ግን ፈቅዶ የሚቀጠር ወታደር ደመወዝ፣ ሕክምና፣ የቤተሰብ መኖሪያና ጡረታ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ድንች ማስላጥ የበጀት ሰዎችን ይከነክናቸው ጀመር። በ1985 የምድር ጦሩ ሎግካፕ የተባለ መርሐ ግብር አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጦርነት ሲመጣ ስንቅና መጠለያ የሚያቀርብ የግል ተቋራጭ አስቀድሞ በውል ተይዞ ይቆይ።

መርሐ ግብሩ ለዓመታት ከወረቀት ብዙም አላለፈም። ነፍስ የዘራበት የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት ነው። ከ700 ሺህ በላይ የነበረው መደበኛ የምድር ጦር በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 480 ሺህ ገደማ ወረደ። ሰው ሲቀነስ በቅድሚያ የተነካው ተዋጊው ሳይሆን ወጥ ቤቱ፣ ጋራዡና መጋዘኑ ነው። በ1992 የያኔው መከላከያ ሚኒስትር ዲክ ቼኒ መሥሪያ ቤት፣ የድጋፍ ሥራው ለግል ኩባንያ ቢሰጥ ምን እንደሚመስል እንዲያጠና ለብራውን ኤንድ ሩት 3.9 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ጥናቱ «ይቻላል» አለ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የሎግካፕ ውል ወጣ፤ ያሸነፈውም አጥኚው ነበር። በታኅሣሥ ወር የአሜሪካ ወታደሮች ሞቃዲሾ ሲወርዱ የኩባንያው ሠራተኞች ተከትለው ገቡ። ቼኒ ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ በ1995 የብራውን ኤንድ ሩት ባለቤት የሆነው የሃሊበርተን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። በዚህ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ነገሩን ሁሉ በአንድ ሰው ሆድ ማስላት አይበቃም ባይ ነኝ። የሚበልጠው ነገር በ1997 በባልካን የሆነው ነው።

በዚያ ዓመት የሎግካፕ ውል እንደገና ለጨረታ ቀረበና ብራውን ኤንድ ሩት ተሸነፈ። ያሸነፈው ዳይንኮርፕ ነው። ይሁንና በቦስንያ ያሉት የጦር አዛዦች በዘመቻ መሀል ቀላቢ መቀየር አደጋ አለው ብለው ተከራከሩ፤ የባልካኑ ሥራ ከሎግካፕ ተነጥሎ ያለ ውድድር ለተሸናፊው ተሰጠ። ጨረታ ተደርጎ፣ አሸናፊ ተለይቶ፣ የተሸነፈው ሥራውን ይዞ ቀጠለ። በ2000 የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት የምድር ጦሩ የባልካኑን ወጪ በቅጡ አይቆጣጠርም ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው አላነበበውም።

መስከረም 2001 መጣ። በታኅሣሥ ሦስተኛው የሎግካፕ ውል ስሙን ኬ.ቢ.አር. ላደረገው ለዚያው ኩባንያ ተመለሰ፤ እስከ አሥር ዓመት ሊታደስ የሚችል ነበር። የውሉ አሠራር ለኋላው ታሪክ ቁልፍ ስለሆነ ላብራራው። መንግሥት ኩባንያው ያወጣውን ወጪ በሙሉ ይተካል፤ በዚያ ላይ ከተገመተው ወጪ 1 በመቶ ቋሚ ትርፍ፣ ለጥሩ ሥራ ደግሞ እስከ 2 በመቶ ጉርሻ ይጨምራል። ትርፉ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ግምቱ ባበጠ ቁጥር መቶኛውም ያብጣል፤ ኩባንያው ወጪ ለመቀነስ የሚያነሣሣው ነገር የለውም። እንዲህ ያለው ውል ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጦርነት ያለ ምክንያት አልተፈጠረም፤ ቁርጥ ዋጋ ልስጥ የሚል ኩባንያ በዚያ ሁኔታ አይገኝም። ስለዚህ ውሉን የሚያስታግሠው ብቸኛ ነገር፣ ደረሰኙን እያየ «ይህን አልከፍልም» የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

የመጀመሪያዋ ቡናቲን ግሪንሃውስ ናቸው። በምድር ጦሩ የመሐንዲሶች ክፍል ከፍተኛዋ የውል ኃላፊ ነበሩ፤ ትልልቅ ውሎች ያለ ፊርማቸው አያልፉም። በ2003 መጀመሪያ፣ ወረራው ሳምንታት ሲቀሩት፣ የኢራቅን የነዳጅ ተቋማት የሚጠግን ውል በምሥጢርና ያለ ጨረታ ለኬ.ቢ.አር. እንዲሰጥ ተወሰነ። ጣሪያው 7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ፔንታጎን ውስጥ ስለ ውሉ በሚመከርበት ስብሰባ የኩባንያው ሰዎች ጭምር ተቀምጠው ስላገኙ፣ ግሪንሃውስ ይውጡልኝ አሉ። ጦርነት ስለሚቸኩል ያለ ጨረታ መስጠት እንዳለ ያውቃሉ፤ ያልገባቸው ለአምስት ዓመት የተባለው ነው። ውሉ እንዲያልፍ የግድ ሲሆን ፈረሙ፤ ከፊርማቸው አጠገብ ግን ያለ ውድድር የሚሰጥ ሥራ ከአንድ ዓመት ሊበልጥ አይገባም የሚል ተቃውሞ በእጃቸው ጻፉ። ያቺ ማስታወሻ በኋላ ከብዙ ገጽ የኦዲት ሪፖርት ይልቅ አለቆቻቸውን አስጨንቃለች። በሰኔ 2005 በሴኔት ዴሞክራቶች ፊት ቀርበው የሚያውቁትን ተናገሩ፤ በነሐሴ ከቦታቸው ዝቅ ተደረጉ። ክርክሩ በ2011 በ970 ሺህ ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

በዚህ መካከል ደረሰኞቹ መጉረፍ ጀምረዋል። በ2003 መጨረሻ የፔንታጎን ኦዲተሮች ከኩዌት በሚገባው ነዳጅ ላይ ብቻ እስከ 61 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ተጨማሪ ዋጋ ሳይጠየቅ እንዳልቀረ ገለጡ። ቀጥሎ የምግቡ ጉዳይ ወጣ፦ ኩዌት በሚገኝ አንድ ሰፈር የቀረበውና ሒሳብ የተጠየቀበት ሳህን በቁጥር አልተገናኘም። ኩባንያው የሚመጣው ሰው ብዛት አስቀድሞ አይታወቅም፣ ምግብ ግን ለሁሉም መዘጋጀት አለበት አለ፤ መልሱ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። የቀድሞ ሠራተኞች ለኮንግረስ ሲመሰክሩ ግን ምክንያት የማይገኝላቸው ነገሮች ተሰሙ። ባዶ የጭነት መኪናዎች በአደገኛ መንገድ ተሰልፈው ይመላለሱ ነበር። ለወታደሮች መዝናኛ የሚገዛው ፎጣ የኩባንያው ስም እንዲጠለፍበት ተደርጎ ዋጋው ከፍ ብሏል። ውድ መኪናዎች በትንሽ ብልሽት ምክንያት መንገድ ላይ ይጣሉ ነበር። ሁሉም ወጪ ነው፤ ወጪው ሁሉ ይተካል።

ሁለተኛው ሰው ቻርልስ ስሚዝ ይባላሉ። ከጦርነቱ ርቀው፣ ኢሊኖይ ውስጥ ሮክ አይላንድ በሚባል የጦር ሰፈር ቢሯቸው ተቀምጠው የሎግካፕን ክፍያ የሚቆጣጠሩ ሲቪል ሠራተኛ ነበሩ። በ2004 ኬ.ቢ.አር. ካቀረበው ሒሳብ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሆነው በቂ ማስረጃ እንደሌለው አዩ። ሕጉ ኩባንያው ወጪውን እስኪያስረዳ ድረስ 15 በመቶ እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ እሳቸውም እንይዛለን አሉ። ወዲያው ከቦታቸው ተነሡ፤ ገንዘቡም ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ የኬ.ቢ.አር.ን ወጪ እንዲመረምር ሌላ የግል ኩባንያ ተቀጠረ። ተቋራጩን ተቋራጭ መረመረው ማለት ነው። ነገሩ በ2008 በጋዜጣ ሲወጣ የምድር ጦሩ ባለሥልጣናት የሰጡት ምክንያት በኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ሁሉ አስኳል ነው፤ ክፍያው ቢያዝ ለወታደሩ የሚሰጠው አገልግሎት ይጎድል ነበር አሉ። ሊዋሹ አልፈለጉም፤ እውነታቸውን ነበር። ወጥ ቤቱ የሠራዊቱ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ምድጃውንም ወጥ ሠሪውንም የያዘው ሒሳቡ የሚመረመርበት ኩባንያ ራሱ ነው። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይሏል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ስንቅ ነው። ጠመንጃ የያዙት ኩባንያዎች ታሪክ ሌላ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ግን የዚያው ተቀጥላ ነው። ኢራቅን እንዲያስተዳድሩ በግንቦት 2003 የተሾሙት ፖል ብሬመር የሚጠበቁት በሠራዊቱ አልነበረም፤ በነሐሴ 27.7 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ ያለ ጨረታ የተሰጠ ውል ለብላክዋተር ተሰጡ። ኩባንያውን በ1997 ያቋቋሙት የቀድሞ የባሕር ኃይል ኮማንዶ ኤሪክ ፕሪንስ ናቸው። በ2001 ከፌዴራል መንግሥት ያገኘው ውል 1 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር፤ በ2006 በዓመት ከ500 ሚሊዮን አለፈ። ብሬመር ሥልጣን ለኢራቃውያን ከማስረከባቸው አንድ ቀን በፊት፣ በሰኔ 27 ቀን 2004፣ ትእዛዝ ቁጥር 17ን ፈረሙ። በትእዛዙ መሠረት የውጭ ተቋራጮች በሥራቸው ላይ ሳሉ በሚያደርጉት ነገር በኢራቅ ሕግ አይጠየቁም። የአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ ደግሞ የሲቪል ውል ሠራተኛን እምብዛም አይደርስበትም ነበር።

ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 31፣ አራት የብላክዋተር ጠባቂዎች ፋሉጃ ውስጥ ተገድለው የሁለቱ ሬሳ ድልድይ ላይ ተሰቅሏል። ምስሉ ዓለምን ዞረ፤ በቀናት ውስጥም የባሕር ኃይል እግረኛው ከተማዋን አጠቃ። ያኔ ብዙ ያልተጠየቀው ሰዎቹ ምን ሲጠብቁ ነበር የሚለው ነው። የወጥ ቤት ዕቃ ለመጫን የሚሄዱ መኪናዎችን ሲያጅቡ ነበር። ብላክዋተር የተዋዋለው ከአንድ የኩዌት ኩባንያ፣ እሱም ከአንድ ምግብ አቅራቢ ጋር ነው፤ አቅራቢው ደግሞ የኬ.ቢ.አር. ንዑስ ተቋራጭ ነበር። በየእርከኑ የየራሱ ትርፍ ተቆርጧል። የሎግካፕ ውል ጥበቃውን ሠራዊቱ ይሰጣል ይላል እንጂ የግል ታጣቂ ይቀጠር አይልም፤ ስለዚህ የጠባቂዎቹ ዋጋ ለመንግሥት በሚቀርበው ደረሰኝ ላይ በግልጽ አልታየም። የምድር ጦሩ በውሉ ሥር ብላክዋተር እንደነበረ እስኪያምን ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀ። በየካቲት 2007፣ በሄንሪ ዋክስማን የሚመራው የምክር ቤቱ ኮሚቴ ሟቾቹን አስመልክቶ በጠራው ችሎት ሰሞን፣ ከኬ.ቢ.አር. ክፍያ 19.6 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስቀር አስታወቀ። ሠራዊቱ ማን በስሙ ጠመንጃ ይዞ እንደሚዞር ያወቀው ደረሰኝ በደረሰኝ ሲፈታ ነው።

  

በነሐሴ 2007 መጨረሻ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መርማሪዎች የብላክዋተርን አሠራር ሊያዩ ባግዳድ ሄዱ። ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ ለመርማሪው፣ እዚሁ ብገድልህ ማንም ምንም አያደርግም፣ ያለነው ኢራቅ ነው ብሎ ዛተበት። ኤምባሲው ምን አደረገ? መርማሪዎቹን ከአገር አስወጣ። ዲፕሎማቶቹ ያለ ብላክዋተር ከግቢ መውጣት አይችሉም ነበር፤ ስሚዝ የገጠማቸው ነገር ልብሱን ለውጦ እዚህም መጣ። መርማሪው ዛቻውን የመዘገበበት ማስታወሻ ይፋ የሆነው በ2014 ነው። ከዛቻው በኋላ ሳምንታት አልፈው በመስከረም 16 የብላክዋተር አጃቢዎች ኒሱር አደባባይ ላይ ተኩስ ከፍተው 17 ኢራቃውያን ገደሉ። የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ቢያንስ 14ቱ ያለ አግባብ ተገድለዋል አለ። በጥቅምት ፕሪንስ ምክር ቤት ቀርበው ሲጠየቁ ኮሚቴው ለአንድ ጠባቂ በቀን 1,222 ዶላር እንደሚከፈል ከደረሰኝ አውጥቶ አስነበበ። አራቱ ተኳሾች ከረዥም ክርክር በኋላ በ2014 ጥፋተኛ ተባሉ፤ በታኅሣሥ 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት አደረጉላቸው። ኩባንያው ስሙን ሁለት ጊዜ ቀይሯል።

እዚህ ላይ ለአንባቢ የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጸሐፊዎች ስለሚዘሉት እኔ ልቁምበት። በነሐሴ 2008 የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት ሒሳቡን ሠራ። በኢራቅና በአካባቢው ወደ 190 ሺህ የውል ሠራተኞች ነበሩ፤ ከወታደሩ ቁጥር ጋር እኩል ለእኩል ማለት ይቻላል። ከአምስቱ አንዱ ብቻ አሜሪካዊ ነው፤ ሌላው ኢራቃዊ ወይም ከሦስተኛ አገር በዝቅተኛ ደመወዝ የመጣ ሰው ነው። ከ2003 እስከ 2007 ለተቋራጮች 85 ቢሊዮን ዶላር ተመድቧል። ቀጥሎ ግን የቀን 1,222 ዶላሩን ከወታደር ሙሉ ወጪ ጋር ሲያስተያይ ልዩነቱ ያን ያህል እንዳልሆነ አገኘ፤ ለአንድ ወታደር ሥልጠናው፣ ዕረፍቱና ተተኪው ሲታሰብ ሒሳቡ ይቀራረባል፣ ደግሞም የግል ውሉ ጦርነቱ ሲያበቃ ያበቃል። ስለዚህ ኩባንያ ውድ ነው፣ ወታደር ርካሽ ነው የሚለው ክስ ሲነካ ይፈርሳል። ገንዘቡ የሚፈስሰው በዋጋው በኩል ሳይሆን ዋጋውን እንቢ የሚል ሲጠፋ ነው፤ የበጀት ጽሕፈት ቤቱ ሠንጠረዥ ይህን የሚያሳይበት ዓምድ የለውም።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሴናተሮቹ ጂም ዌብና ክሌር መካስኪል ያቀረቡት ሕግ ጸድቆ የጦርነት ውሎች ኮሚሽን ተቋቋመ። አርአያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሴናተር ሃሪ ትሩማን የመሩት ኮሚቴ ነበር። ትሩማን ሥራቸውን የጀመሩት አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ሳትገባ በ1941 መጀመሪያ ነው። ይኸኛው ኮሚሽን የተመሠረተው የአፍጋኒስታኑ ጦርነት ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ፣ የኢራቁ ስድስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲል ነበር።

ኮሚሽኑ በሥራ ላይ ሳለ አፍጋኒስታን የባሰ ነገር አወጣች። ባሕር በሌላት አገር የሠራዊቱን ስንቅ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚያደርሱ የአገሬው መኪናዎች በ2.16 ቢሊዮን ዶላር ተኮናተሩ። ጥበቃቸውን ራሳቸው እንዲችሉ በውሉ ተጻፈ፤ ወታደር አያጅባቸውም። በሰኔ 2010 በእንደራሴ ጆን ቲየርኒ የሚመራው ንዑስ ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት እንደተባለው፣ አጓጓዦቹ ለማለፍ በየመኪናው ለጦር አበጋዞች ይከፍሉ ነበር፤ ከዚያም ገንዘብ ከፊሉ ለታሊባን ሳይደርስ እንዳልቀረ ምልክት ነበር። የአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ በጥይት ተለውጦ በአሜሪካ ወታደር ላይ ሊመለስ ይችል ነበር ማለት ነው። በነሐሴ ፕሬዚዳንት ሃሚድ ካርዛይ የግል የጥበቃ ኩባንያዎች በአራት ወር ውስጥ ይዘጉ ብለው አዘዙ። ቀኑ አለፈ፣ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ። ምክንያቱን አንባቢ አሁን ያውቀዋል።

ኮሚሽኑ በነሐሴ 31 ቀን 2011 የመጨረሻ ሪፖርቱን አወጣ። በሁለቱ ጦርነቶች ለውልና ለድጋፍ ከወጣው 206 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ከ31 እስከ 60 ቢሊዮን የሚሆነው በብክነትና በማጭበርበር ጠፍቷል አለ። ከ31 እስከ 60! ግምቱ ራሱ የ29 ቢሊዮን ልዩነት አለው። ሊቀመንበሮቹ ማይክል ቲቦና ክሪስቶፈር ሼይስ በተለይ ያስጠነቀቁት ግን ጠፍቶ ስላለቀው አልነበረም፤ መንግሥት ሊቆጣጠር ከሚችለው በላይ በተቋራጮች ላይ ተደግፏል፣ የተገነባውንም የአገሬው መንግሥት ጠግኖ ሊያቆየው አይችልም አሉ። የሰበሰቡት ሰነድ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ታሽጎ እስከ 2031 እንዲቀመጥ ተደረገ። በ2019 አዲሱ የሎግካፕ ውል ሲሰጥ ከአራቱ አሸናፊዎች አንዱ ኬ.ቢ.አር. ነበር።

በየካቲት 2020 ዶሃ ላይ አሜሪካና ታሊባን ሲፈራረሙ፣ ከአገሪቱ የሚወጡት ወታደሮች ብቻ እንዳልሆኑ ስምምነቱ በግልጽ ጻፈ፦ የግል የጥበቃ ተቋራጮች፣ አሠልጣኞችና አማካሪዎችም ይወጣሉ። ታሊባን የሚዋጋውን ሠራዊት አሠራር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ2021 መጀመሪያ አፍጋኒስታን ውስጥ 2,500 ገደማ የአሜሪካ ወታደርና ወደ 18 ሺህ የፔንታጎን ውል ሠራተኛ ነበር፤ ለአንድ ወታደር ሰባት መሆኑ ነው። ከነሱ ውስጥ የአፍጋኒስታንን አየር ኃይል ሔሊኮፕተሮች የሚጠግኑ መካኒኮች ነበሩ። አፍጋናውያኑ የለመዱት የሩሲያ ሠራሽ ሔሊኮፕተር በአሜሪካኑ ብላክ ሆክ ሲተካ፣ ጥገናው በውል ሠራተኞች እጅ ገባ። የአፍጋኒስታኑን ወጪ የሚከታተለው የአሜሪካ ልዩ ዋና ኢንስፔክተር መሥሪያ ቤት ያለ ተቋራጮች አውሮፕላኖቹ ከጥቂት ወራት በላይ ለውጊያ ብቁ ሆነው አይቆዩም ብሎ አስጠንቅቆ ነበር።

መካኒኮቹ በበጋው ወጡ። የቀሩት አፍጋናውያን ቴክኒሻኖች ከአገር ውጭ ካለው ባለሙያ ጋር በቪዲዮ እየተያዩ ሞተር ለመጠገን ሞከሩ። አየር ኃይሉ ሲዳከም በየገጠሩ የተከበበው የመንግሥት ጦር ጥይትም ምግብም አልደርስለት፣ ቁስለኛውም አልነሣለት አለ። በነሐሴ 15 ካቡል ወደቀች። በግንቦት 2022 ያው መሥሪያ ቤት የሠራዊቱን መፍረስ ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ በቅርቡ ከሆኑት ሁሉ አንደኛ ያደረገው አሜሪካ ጦሯንና ተቋራጮቿን ለማስወጣት መወሰኗን ነው። ጦሩና ተቋራጩ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በአንድ «እና» ተያይዘው ተጻፉ። ስሚዝ በሮክ አይላንዱ ቢሯቸው 15 በመቶ ይያዝ ሲሉ ከኬ.ቢ.አር. ወጥ ቤት ጋር የሆነው፣ አሁን ከካቡል አየር ኃይል ጋር ሆነ፤ ልዩነቱ ያኔ ገንዘቡ መከፈሉ ነው።